አለቃው እና ያለቀው

ታልካ ውስጥ፣ ቺሊ ላይ፣ ወይን በሚነግድ ከተማ ዳር፣
መጋዘናችን ጣራው ቆርቆሮ፣ ሆዱ ባዶ ጠርሙስ፣ ክምር በክምር።
እኔ ቆጣሪ ነኝ። ከበሩ ጎን ቆሜ፣
የገባ የወጣውን፣ የተሰበረውን፣ እጽፋለሁ ደግሜ።

ኒባልዶ ነው የሚነዳት ያችን ቢጫ ፎርክሊፍት፣
ጎረምሳ ሳለ ተረክቧት፣ እስኪሸብት የኖረባት።
ባሌስትራ የላትም፣ ሞላ አልተሠራላት፣
ከሲሚንቶው ጋራ የሚያስታርቃት
ጎማዋ ብቻ ነው፦ ጥቁር፣ ድፍን፣ ነፋስ የሌለው።
ነፋስ ቢኖረውማ ተንፍሶ በነገረን፣ ሕመሙን ባወቅነው፤
ድፍን ግን እንደ ዝምተኛ ሰው ነው፣
ሳያማርር ነው የሚያልቀው።

መጀመሪያ ጠርዙ ተሸረፈ፣ አይጥ የቀመሰው መሰለ፤
ቀጥሎ ፍሬን ሲያዝ፣ ከመጫኛው አፋፍ፣ አንድ ጎኑ ተላገ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ዋለ።
ከዚያ ወዲያ በዞረ ቁጥር፣ ዱብ፣
ዱብ፣
ዱብ።
የኒባልዶ ወገብ ያቺን ድምፅ በስሟ ያውቃታል፤
ማታ ሚስቱ በካምፎር ታሸዋለች፣ ጠዋት ይመለሳል።
ጠርሙሱም፣ ብርድ እንደ ያዘው ሰው፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

በእኛ አገር ብርጭቆ ሲጮህ ሰው ወደ ጣራ ያያል፤
ምድር እንቅልፍ የላትማ፤ ጎኗን ስትለውጥ ከተማ ይፈርሳል።
የመጀመሪያው ቀን ሁላችን ሮጠን ወጣን፤
የሮሳልባ አንድ ጫማ ከማሸጊያው ቀረ፣ ሳቅንባት፣ ተመለስን።
በሦስተኛው፣ በእርምጃ።
በአሥረኛው ቀና ያለ የለም፦
«የኒባልዶ ጎማ ነዋ!»

ኦሪያና፣ መካኒኳ፣ የብረት ማስመሪያ ይዛ ተንበረከከች፤
ፋብሪካው ከጎኑ ያሰመረውን መስመር በጠመኔ አሳየች።
«ከዚህ ሲወርድ ጎማ አይባልም» አለች፤ «ደግሞም ግራው ከቀኙ በጣት ያንሳል።
እታች ጣት የሆነ፣ ሹካው አናት ሲደርስ፣ ክንድ ያክላል።
አልቋል።»
ዶን ሊሳንድሮ፣ አለቃው፣ ሰዓቱን አየና፦
«አላለቀም፤ ወይኑ እስኪለቀም ይቆያል ገና።»

አለቃ እና አለቀ፣
በአንዲት የታጠፈች እግር ነው አንዱ ከአንዱ የራቀ፤
በዚያች እግር ላይ ቆሞ አንድ ቶን ጠርሙስ ተሳቀቀ።

ሐሙስ ነበር። አምስተኛው መደርደሪያ ጋ፣ ጭነቱ አዘመመ፤
ኒባልዶ እጁን ከመሪው ሳያነሳ ቆመ።
የጠርሙስ ዝናብ ጣለ፣ አረንጓዴ በረዶ፣
ጉንጩ ላይ አንዲት መስመር፣ ቀጭን ደም ወርዶ፣
«ደኅና ነኝ» አለን፤ ስብርባሪው መሃል ተቀመጠ፣ አልተነሳም።
በዚያው ማታ አለቃው ፈረመ፣ ዋጋውን አልጠየቀም።

ኦሪያና አሮጌውን ከብረት ልቡ በመጭመቂያ ገፋችው፤
እየጮኸ ወጣ። ለብረቱ አዲስ አጎረሰችው።
ጥንዱን ነው የቀየረችው፤ «አንዱን ብቻ መለወጥ» አለች፣
«ለአንካሳ አንድ ረጅም ጫማ መግዛት ነው» ብላ ሳቀች።
አሮጌውን ኒባልዶ ወደ ግቢ አንከባለለው፣
ከባሕር ዛፉ ሥር ጣለው።

ከዚያ ጸጥታ። መጀመሪያ አስፈራን፣
አንድ ነገር የጠፋብን መሰለን።
ሰኞ ሰኞ ጠዋት ማስመሪያዋ ትመጣለች፤
ኦሪያና ተንበርክካ ሚሊሜትሩን ትነግረኛለች፤
ከጠርሙሱ ቁጥር ጎን እጽፈዋለሁ።
ቁጥር ሲያንስ ማየት ያኔ ነው የተማርኩ።

ነሐሴ፣ ከሻይ በፊት። ፎርክሊፍቷ ቆማለች፣ ቁልፏ ከኒባልዶ ኪስ።
ጠርሙሶቹ ጀመሩ፤ በሹክሹክታ፣ ከጥግ ተነስቶ ጥግ እስኪደርስ።
ማንም «ጎማ ነው» አላለም።
ማንም ጫማ አልፈለገም።
ከኋላችን ሲረግፍ፣ ማንም አልዞረም።

ግቢው ውስጥ፣ አቧራው ሳይወርድ፣ ልማዴ ነውና ቆጠርኩ፤
ሁለት ጊዜ፣ ጣቴን እየቀሰርኩ።
ሠላሳ አንድ ሰው። ስብራት፦ የለም።
ስጽፈው እርሳሱ በእጄ አልረጋም።
ከዛፉ ሥር፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ፣
አለቃው ያለቀው ላይ ተቀመጠ።